ከፊደል የሸሸችው እህቴ

የሰፈራችን ሰው ስለ ታላቅ እህቴ ሲያወራ «አፏ ነው ያሳሰራት» ይላል። «ዝም ብትል ኖሮ ቤቷ ታድር ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።» ይህን የሚሉት ሰዎች ፍርድ ቤት አልነበሩም። እኔ ነበርኩ። ከኋላዋ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የቀሚሷን የጀርባ ስፌት እያየሁ ነው ሁሉንም የሰማሁት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ እለፉት፤ ነገሩ ግን እኔ እንደምለው ነው።

እቴቴ ነበር የምላት። በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። በልጅነታችን ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው የሚበቃ ደብተር ነበር፤ እሱም ለእኔ ሆነ። እናታችን ታማሚ ስለነበረች እሷ ቤት ቀረች። ይህን አንድ ቀን እንኳ አንስታብኝ አታውቅም። እጇ ግን የእግዜር ስጦታ ነበር። የተቀደደ ነገር ሰፍታ ከሰጠችህ የት ጋ እንደተቀደደ ራስህ ትረሳዋለህ።

ባሏ ሲሞት ልጅቷ አምስት ዓመቷ፣ ወንዱ ገና የሚታዘል ነበር። በዚያው ሰሞን የመድኃኒት ማሸጊያው ቤት ሴቶች ይፈልጋል ሲባል ሰማንና ሁለታችንም በጠዋት ሄድን። በሩ ላይ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦዋ፣ ቆማለች፤ አጠር ያለች፣ ደንዳና፣ ድምጿ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠጠር።

«ፊደል የቆጠራችሁ በግራ፣ ያልቆጠራችሁ በቀኝ!» አለች።

እኔ ደረቴን ነፍቼ በግራ ቆምኩ። እቴቴ አንገቷን ደፍታ በቀኝ። ካቦዋ ሁለቱን ሰልፍ አየት አየት አደረገችና ወደ እኛ ዞረች።

«በግራ ያላችሁ እግዜር ይስጥልን፣ ወደ ቤታችሁ።»

«እንዴ! እኔ እኮ ማንበብ እችላለሁ» አልኳት።

«ሰማሁሽ። ለዚህ እኮ ነው ወደ ቤትሽ ያልኩሽ።»

እቴቴ ሰልፉ ውስጥ ሆና በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። እስክትመለስ ጠበቅኳት። «አየሽ ሚጣ» አለችኝ፣ «ያንቺ አራተኛ ክፍል ከበር ሲመልስሽ የኔ ዜሮ ክፍል ቀጠረኝ።» እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ማንበብ የማይችል ሰው ለምን ተመርጦ እንደሚቀጠር ሁለታችንም አልጠየቅንም። ሥራ ያገኘ ሰው ለምን አገኘሁ አይልም።

ሥራው እንዲህ ነበር። መድኃኒቱ ለልጆች ጆሮና ጉሮሮ የሚሰጥ ሽሮፕ ነው። ስድስት ሴቶች በረጅም የቆርቆሮ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ሞቅ ያለ ውሃ የተሞሉ ሦስት ሳፋዎች አሉ። ጠርሙሶቹ በሣጥን ይመጣሉ፣ አንድ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ያንን ወረቀት በውሃ አርሰው፣ ልጠው፣ ጠርሙሱን አድርቀው ሌላ ወረቀት ይለጥፉበታል። ካቦዋ ደግሞ ሕግ ነበራት። ጠርሙሱ ሳፋው ውስጥ የሚገባው ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ነው። የተላጠው ወረቀት አይዘረጋም፤ በጡጫ ተጨምቆ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ከረጢቱን አስር ሰዓት ላይ ራሷ ካቦዋ ጓሮ ወስዳ ታቃጥለዋለች፣ አመዱንም በእግሯ ትበትነዋለች።

ከስድስቱ አንዷ ለፍላፊ ነበረች። አንድ ቀን «እመቤት፣ ይሄ ሽሮፕ ልብሱን የሚቀይረው ሰርግ ሊሄድ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም ሳቁ። ካቦዋም ሳቀች። ሰኞ ያቺ ሴት ስትመጣ ሌላ ሰው ቦታዋ ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ የጠየቀች የለችም።

የማሸጊያ ቤቱን ባለቤት ሁሉም ጋሼ ይሉታል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወይም አይመስልም ነበር። ጠዋት በር ላይ «እንዴት አደራችሁ እናቶቼ» ይላል፣ ልጅ ለታመመባት ፈቃድ ይሰጣል። ቢሮው ከወረቀት ላጮቹ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል፣ መካከሉ ላይም በር ነበረ። እቴቴ እንደነገረችኝ በሩ ከወዲያ በኩል ቁም ሳጥን ተደግፎበት አይከፈትም። እሷ በቆየችበት ስድስት ዓመት ጋሼ አንድ ጊዜም እዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም። በመስኮቱ ሲያልፍ እንኳ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ ነው የሚመስለው።

አምስተኛው ዓመት ላይ ይመስለኛል፣ እቴቴ ራሷ መጥታ «ፊደል አስተምሪኝ» አለችኝ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ወረቀት ስታመጣላት ገልብጣ ይዛ «ጎበዝ» ትላት ነበር፤ ልጅቷም ወረቀቱን ከእጇ ወስዳ አቅንታ መለሰችላት። ያ ነው እቴቴን የገደላት።

«ግን ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። «ካቦዋ ከሰማች ማግስቱን በር ላይ ነኝ።»

በዕረፍት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ በእኔ ቤት መስኮት ሥር ጀመርን። እንዴት ያለ ጭንቅላት ነበራት! እኔ በዓመት ያልገባኝን በሁለት ወር ለቀመችው። አውቶቡስ ውስጥ ከመስኮቱ በኩል ተቀምጣ የሱቆቹን ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነባለች፤ «ዳ-ቦ። ጫ-ማ። ፀ-ጉ-ር ቤት።» ተሳፋሪው ይስቃል። እሷ ምን ገዷት! አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ቲኬቱንም አንብቢልን» ሲሏት «እሱ ገና ሚቀጥለው ሳምንት ነው አባቴ» አለቻቸው።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከሥራ በቀጥታ ወደ እኔ ነበር የመጣችው፣ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ቁጭ ስትል ሽርጧ ጫፍ ላይ አንድ እርጥብ ወረቀት ተጣብቆ አየሁ። ላጥኩና ለትምህርት ይሆነናል ብዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«ነይ ይሄን እናንብብ። ‹የሚያገለግለው እስከ…›»

ከእጄ መነጨቀችኝ። እንዲያ ስትፈጥን አይቻት አላውቅም።

«አታንብቢው!»

«ምነው?»

«የሥራ ቤት ነገር ነው። የሰው ነገር ነው።»

ምድጃው ውስጥ ከተተችው። እርጥብ ስለነበር ቶሎ አልነደደም፣ እየተንሿሿ ሲጠቁር ቆመን አየነው። ከዚያ ደብተሯን ዘጋች።

«በቃኝ።»

«ገና ግማሽ ላይ እኮ ነን!»

«ግማሹ ይበቃኛል።»

የኔንም ልናገር። እጄ ላይ እያለ ዓመቱን አይቼዋለሁ። ያለፈ ዓመት ነበር። ለእህቴ አልነገርኳትም፣ ለራሴም አልደገምኩትም። ሻይ አፈላሁ። ስለ ጎረቤት ውሻ አወራን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቶቡስ ውስጥ ከመስኮቱ በኩል መቀመጥ ተወች። መተላለፊያው በኩል ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች። ፊደል እኮ አንዴ ከገባብህ አይወጣም፤ ዓይንህ ካረፈበት ሳትፈልግ ታነበዋለህ። እንግዲህ እሷ የቀራት ዓይኗን ማሳረፊያ ማሳጣት ነው። ሥራ ቦታም ወረቀቱን ስትልጥ ጣሪያውን ታያለች። የጣሪያውን ምስማሮች ቁጥር በቃሏ ታውቀው ነበር፤ መቶ አስራ ሁለት፣ ሁለቱ ዝገው የወደቁ። ካቦዋ «አንቺ ምን ታያለሽ?» ስትላት «አንገቴን አሞኝ ነው» ትላለች። አንድ ዓመት አንገቷን አመማት።

የተያዙት በአንዲት እናት ነው። ልጇ ጆሮዋን ታማ አንድ ጠርሙስ ጨርሳ አልዳነችም፣ ሁለተኛ ገዛች፣ አልዳነችም። ሦስተኛው ጠርሙስ ላይ ልጅቷ ስታለቅስ እንባዋ ይሁን ውሃ፣ የወረቀቱ ጫፍ ተነሣ። እናትየው ሳበችው። ከሥሩ የሌላ ወረቀት ቅሪት ነበር፤ አንዷ ላጭ ቸኩላ በደንብ ያላነሣችው። የመድኃኒቱ ጊዜ ያለፈበት ቀን እዚያ ላይ ነበረ። እናትየው ጠርሙሱን ይዛ ጤና ተቆጣጣሪዎች ዘንድ ሄደች፤ በሳምንቱ ማሸጊያው ቤት ታሸገ። ባለቤቱ፣ ካቦዋና ስድስቱ ሴቶች ተከሰሱ።

ባለቤቱ ለሁሉም አንድ ጠበቃ ቀጠረ። ጠበቃው ቤታችን ድረስ መጣ፤ ጨዋ ነው፣ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ነው የገባው።

«እናት» አላት፣ «አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚናገሩት። ማንበብ አልችልም፣ አላውቅም። ዐቃቤ ሕጉ ያውቁ እንደነበር ማስረዳት አለበት፣ ሊያስረዳ ደግሞ አይችልም። በዚያው ቀን ልጆችዎ ዘንድ ይገባሉ።»

«እሺ» አለች እቴቴ።

«አንድ ጊዜ ይበሉልኝ።»

«ማንበብ አልችልም። አላውቅም።»

«ጎበዝ» አላት። እኔ ፊቷን አየሁት። ልጇ ወረቀቱን ያቀናች ቀን የነበረው ፊት ነበር።

ፍርድ ቤት የቀረብን ቀን እናትየው መሰከረች። ልጅቷ አብራት ነበረች፣ ስድስት ዓመቷ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የዳኛውን መነጽር እያየች ቆማለች። ዐቃቤ ሕጉ እናትየውን «እስቲ ይጥሯት» አላት። እናትየው ከኋላዋ ሆና በስሟ ጠራቻት። ልጅቷ አልዞረችም። ጮክ ብላ ጠራቻት። አልዞረችም።

ጠርሙሱን ለተከሳሾች እንዲያዩት አዞሩላቸው። እቴቴ ስትቀበል የቀኝ አውራ ጣቷ ወደ ወረቀቱ የላይኛው ጥግ ሄደ። እሷ ወረቀት ስትለጥፍ ጥጉን በጥፍሯ አንዴ ጫን ታደርገዋለች፣ እንዳይነሣ። ጭረቱ እዚያ ነበረ። እኔም ከኋላ ሆኜ ጣቷ ሲቆም አየሁ።

ባለቤቱ ቃሉን ሰጠ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ ያንን ክፍል ረግጬ አላውቅም። የሚያቀርቡልኝን ወረቀት እፈርማለሁ። ባውቅ ኖሮ ዝም የምል ሰው አይደለሁም።» ካቦዋ «የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» አለች። አምስቱ ሴቶች ተራ በተራ ተነሥተው «ማንበብ አልችልም። አላውቅም» አሉ። ጸሎት ቤት ያሉ ይመስላል። ከዚያ እቴቴ ተነሣች።

«ማንበብ ይችላሉ?» አላት ዳኛው።

«ግማሽ እችላለሁ።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ጠበቃው አንገቱን ቀና አደረገ።

«ግማሽ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?»

«ግማሹን ተማርኩ፣ ግማሹን ሸሸሁት።»

ጠበቃው ብድግ አለ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ ደክሟታል…»

«አልደከመኝም» አለች እቴቴ። «የደከመኝ እስከ ትናንት ነው።»

ዳኛው ጠበቃውን በእጁ አስቀመጠውና «ይቀጥሉ» አላት።

«የጠርሙሱን ወረቀት አላነበብኩም። ቢጠይቁኝ በሕይወቴ አንዱንም አላነበብኩም። ግን ለምን አላነበብሽም ብላችሁ ጠይቁኝ። ፊደል እየቀመስኩ፣ እየጣፈጠኝ፣ ያ ወረቀት ሊነበብልኝ ሲል ለምን ደብተሬን ዘጋሁ? የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። የማያውቁትንስ ነገር ማን ይሸሻል? እኔ አንድ ዓመት ጣሪያ ስቆጥር የከረምኩት የጣሪያ ፍቅር ይዞኝ አይደለም። ምን እንደሚል ልቤ ስለሚያውቅ ነው ዓይኔ እንዳያየው የከለከልኩት። ያ ጠርሙስ የኔ እጅ ነው። ጥጉ ላይ ጥፍሬ አለ።»

ዐቃቤ ሕጉ ቀስ ብሎ ጠየቃት። «ባለቤቱስ?»

«እሳቸው ሙሉውን ያነባሉ። ከቢሯቸው ወደ እኛ ክፍል የሚያስገባ በር አለ፤ በሩ ላይ ቁም ሳጥን አስደግፈውበታል። ሰው በገዛ ቤቱ በር ላይ ቁም ሳጥን የሚያቆመው ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ ሳያውቅ ነው? እኔ ጣሪያ አየሁ፣ እሳቸው ቁም ሳጥን ገዙ። ልዩነታችን የዕቃው ነው።»

ባለቤቱ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ሥራ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ! ስድስት ዓመት!»

«አዎ ጋሼ፣ ሰጥተውኛል» አለች፣ ዞር ብላ እያየችው። «ምን ዓይነት ሥራ እንደሰጡኝ ነው እየተናገርኩ ያለሁት።»

ዳኛው ጠረጴዛውን በመዶሻው መታ። ዐቃቤ ሕጉ አንድ ጥያቄ ጨመረ፤ «ሌሎቹ ሴቶችስ ያውቁ ነበር?»

«የሰው ልብ አላነብም» አለች። «እሱንማ ጭራሽ አልተማርኩም።»

ከወር በኋላ ፍርዱ ተነበበ። ዳኛው ረጅም ነገር ነው ያነበበው፣ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ማወቅ ማለት በዓይን ማየት ብቻ አይደለም አለ። ሰው ለመጠርጠር የሚበቃ ምክንያት እያለው፣ ዞር ብሎ ቢያይ እንደሚያገኘው እያወቀ፣ እንዳያገኘው ብሎ ሆነ ብሎ ፊቱን ካዞረ፣ ሕግ ያንን ሰው እንዳወቀ ነው የሚቆጥረው። ሰነፍ ወይም ሞኝ ሆኖ ያላወቀ ሌላ ነው፤ ላለማወቅ የደከመ ሌላ ነው። ባለቤቱ ጥፋተኛ ተባለ። ቁም ሳጥኑ ፍርዱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠራ። ካቦዋም ጥፋተኛ። አምስቱ ሴቶች መጠርጠራቸው አልተረጋገጠም ተብሎ በነጻ ተለቀቁ። ከላጮቹ ጥፋተኛ የተባለችው እቴቴ ብቻ ናት፤ ማስረጃዋም የገዛ ቃሏ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ግን መመለሻ መንገድ አሁንም ነበራት። የባለቤቱ ጠበቃ ስለከዳት መንግሥት አንዲት ወጣት ተከላካይ መደበላት። ጠበቃዋ ደግ ናት፣ ሁለት ቀን ቁጭ ብላ የቅጣት ማቅለያ ጻፈች። «ይህን በጣትዎ አሻራ ካጸደቁት በገደብ ይለቁዎታል፣ እስር ቤት አይገቡም» አለቻት። እቴቴ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችኝ።

«አንብቢልኝ። ሁሉንም።»

አነበብኩ። የሁለት ልጆች እናት፤ እሺ አለች። ባሏ የሞተባት፤ እሺ። ከዚህ በፊት ጥፋት የሌለባት፤ እሺ። «በትምህርት ማነስ ምክንያት፣ ባለማወቅና በመታለል…»

«እዚያ ጋ ቁሚ» አለች። «እሱ ይውጣ።»

«እናት» አለች ጠበቃዋ፣ «ዋናው እኮ እሱ ነው። እሱ ከወጣ ገደብ አይሰጥዎትም።»

«ይውጣ።»

እኔ ተናደድኩ። በሕይወቴ እንዲያ ጮኼባት አላውቅም። «እቴቴ፣ እብድ ነሽ? አንዲት መስመር ናት! ልጆችሽን ማን ያሳድጋቸዋል?»

«አንቺ።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«አሁን ጠየቅኩሽ።»

ጠበቃዋ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች። እቴቴ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሚጣ፣ ያቺ ልጅ ስትጠራ አልዞረችም። መዞር የምትችልበትን እኛ ወሰድንባት። እኔ ጆሮ እያለኝ፣ ስጠራ፣ ሌላ ናት ልበል?»

ጠበቃዋ መስመሯን በእስክሪብቶ ሰረዘች። እቴቴ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ ከተሰረዘው አጠገብ ጫን አደረገችው።

ዳኛው ቅጣቱን ከማንበቡ በፊት «የሚጨምሩት አለ?» ሲላት «የተቀነሰ አለ እንጂ የሚጨመር የለም» አለች። ሁለት ዓመት ፈረደባት፣ ያለ ገደብ። ፖሊሷ እጇን ልትይዛት ስትል እቴቴ ቀድማ ዘረጋችላት።

ልጆቹን ወደ እኔ ቤት አመጣኋቸው። ወንዱ ሳምንት አልቅሶ ለመደ። ልጅቷ ግን አስራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሁሉ ይገባታል። እስር ቤቱ በር ላይ ወረፋ ጠብቀን ስንገባ እናቷን «የሌሎቹ እናቶች አላውቅም ብለው ቤታቸው ገቡ። አንቺስ ለምን አላልሽም?» አለቻት። እቴቴ «ስለማውቅ» አለች። ልጅቷ ፊቷን አዞረች። ለሦስት ጉብኝት አላናገረቻትም፤ በሽቦው ማዶ ለማዶ እኔ ብቻዬን እየቀባጠርኩ ሰዓቱ ያልቃል።

በአራተኛው ወር ከትምህርት ቤት ተጠራሁ። ልጅቷ ተደባድባለች። አስተማሪው ደጃፉ ላይ አቁሞ ነገረኝ። አንዷ «እናትሽ እስረኛ ናት» ብላ ሰደበቻት። የኔዋ መጀመሪያ አልተማታችም አለ፤ ቀና ብላ «አዎ፤ አውቃ ነው የገባችው» አለቻት። ጸጉር መጎተቱ የመጣው ሌላዋ ስትስቅባት ነው።

ልቆጣት ነበር የሄድኩት። ከጸጉሯ ላይ አፈሩን አራገፍኩላትና እጇን ይዤ ወጣን።